ከአንድ ትሪ የበላን ሦስት ልጆች

ልጆች ሳለን ከአንድ ትሪ ነበር የምንበላው። እኔ፣ እህቴና ወንድሜ። ጠርዙ የተላጠ፣ መሃሉ ላይ ቀይ አበባ የተሳለበት ትሪ ነበር። እናቴ እንጀራውን ትዘረጋለች፤ ሽሮውን መሃል ላይ ታፈሳለች፤ ከዚያ በርጩማዋን ስባ አጠገባችን ትቀመጣለች። የምታየው ግን ሦስታችንንም አልነበረም። የእህቴን እጅ ነበር።

«ቀስ በይ እንጂ» ትላታለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «በቃሽ፣ እጅሽን ሰብስቢ»።

እህቴ እጇን ትሰበስባለች። እኔና ወንድሜ እንቀጥላለን። ወጥ የጠጣውን እንጀራ ከትሪው ላይ ጠራርገን የምንጨርሰው እኛ ነበርን። ማንም ምንም አይለንም። ከሲታዎች ስለነበርን «ብሉ፣ አጥንታችሁ ወጣ» ነው የምንባለው። ከዚያ ትሪ ላይ ትንሹን የምትበላው እህቴ ነበረች።

በ7 ዓመቷ ወፍራም ነበረች። በ14 ዓመቷም። አሁን 35 ሞላት፤ ሁለት ልጆች አሏት፤ ዛሬም ወፍራም ናት።

ሰፈር ውስጥ ስለ እሷ ሁለት ነገር ይባል ነበር። አንዱ «የዘር ነው፣ ቁርጥ አያቷን» የሚለው ነው። ሌላው «ትበላለቻ! ምን ሆና ነው?» የሚለው። እናቴ የመጀመሪያውን ለጎረቤት ትናገራለች፤ ሁለተኛውን ለእህቴ። እኔ እነዚህን ሁለት ንግግሮች እየሰማሁ ነው ያደግኩት።

አያታችን፣ የአባቴ እናት፣ በእርግጥም ሰፊ ሴት ነበሩ። ግርማ ነበራቸው። በር ላይ ሲቆሙ ብርሃኑ ይቀንስ ነበር። በዘመናቸው ማንም «ቀንሱ» ያላቸው የለም። «ተመችቷቸዋል» ነው የሚባለው። ያ ሰውነት ለእሳቸው ክብር ነበር። ለልጅ ልጃቸው ነውር ሆነ።

እህቴ 17 ዓመት ሲሆናት የአጎታችን ልጅ ሰርግ ደረሰና ቀሚስ ልናሰፋ ሽሮ ሜዳ ሄድን። ልብስ ሰፊው ሜትሩን ወገቧ ላይ ጠቀለለና ቁጥሩን ጮክ ብሎ ለረዳቱ ነገረው። ረዳቱ አልሰማውም መሰል ደግሞ ጠየቀ። ሰፊው ከበፊቱ በላይ ጮኾ ደገመለት። ሱቁ ውስጥ ሌሎች ሰዎች ነበሩ። እህቴ መሬት ላይ የወደቀ አረንጓዴ የጥለት ቁራጭ ላይ ዓይኗን ተክላ ቀረች። እስክንወጣ ድረስ ቀና አላለችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሦስት ቀን ከሻይ በስተቀር ምንም አልቀመሰችም። በአራተኛው ቀን ሌሊት ውሃ ልጠጣ ስነሳ ኩሽና ውስጥ አገኘኋት። መብራት አላበራችም። ቆማ ቀዝቃዛ እንጀራ በአዋዜ ትበላለች። ስታየኝ ደነገጠች። «አትንገሪ» አለችኝ።

ነገርኩባት። የጠቀምኳት መስሎኝ ነበር። ይህን ጽሑፍ ዛሬ የምጽፈው በዋናነት ለዚያ ሌሊት ነው።

ስለ ውፍረት በቁም ነገር ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ጥያቄዬ የሰፈሩ ጥያቄ ነበር። የሚበላው ነው ወይስ ዘሩ? (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከካሎሪው ልጀምር፤ እሱ አጭር ነው። ካሎሪ ምግብ የሚሰጠን ጉልበት መለኪያ ነው። ሰውነት ከሚያወጣው በላይ ሲገባለት ትርፉን በስብ መልክ ያስቀምጣል። ይህ እውነት ነው፤ የሚያከራክር አይደለም። «እኔ ውሃ ብጠጣም እወፍራለሁ» የምንለው ነገር ልክ አይደለም። ስብ ከአየር አይሠራም። ግን ይህ ስቡ ከየት እንደመጣ ብቻ ነው የሚነግረን። ከአንድ ትሪ ከበላን ሦስት ልጆች አንዷ ለምን እንደወፈረች አይነግረንም።

ዓይኔን የገለጠልኝ በ1990 የወጣ የካናዳ ጥናት ነው። ክሎድ ቡሻር የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ኩቤክ ውስጥ 12 ጥንድ መንትያ ወንዶችን ሰበሰቡ። ወጣቶች ናቸው፤ ፍጹም የሚመሳሰሉ፣ ከአንድ ዕንቁላል የተገኙ መንታዎች ናቸው። ከሌላ ሰው ተለይተው 120 ቀን በቁጥጥር ሥር ኖሩ። ከዚያ ውስጥ ለ100 ቀናት፣ በሳምንት ስድስት ቀን፣ ከሚያስፈልጋቸው በላይ 1,000 ካሎሪ በየቀኑ ተጨመረላቸው። 1,000 ካሎሪ ለብዙ ሴት የቀን ምግቧ ግማሽ ያህል ነው። ተደብቆ የሚበላ የለም፤ የሚተርፍ የለም፤ ስፖርት የሚሠራ የለም። ሲደመር እያንዳንዱ ሰው 84,000 ካሎሪ ትርፍ በላ። ሁሉም እኩል።

ታዲያ እኩል ወፈሩ? አልወፈሩም። አንዱ 4.3 ኪሎ ብቻ ጨመረ። ሌላው 13.3 ኪሎ። እኩል ትርፍ በልተው በመካከላቸው የ9 ኪሎ ልዩነት ተፈጠረ። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ደግሜ ነው ያነበብኩት። የባሰው ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። መንታና መንታው ተቀራራቢ ኪሎ ነው የጨመሩት። አንዱ ብዙ ከጨመረ ወንድሙም ብዙ ጨመረ። አንዱ ጥቂት ከጨመረ ወንድሙም ጥቂት። ስቡ የሰውነታቸው የትኛው ክፍል ላይ እንደሚቀመጥ ሳይቀር፣ ሆድ ላይ ይሁን ሌላ ቦታ፣ ይመሳሰሉ ነበር።

ያን ቀን ትሪያችን ትዝ አለኝ።

ከዚያ በፊት በ1986 አልበርት ስታንካርድ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ዴንማርክ ውስጥ በጉዲፈቻ ያደጉ 540 ሰዎችን አጥንቶ ነበር። ጉዲፈቻ ለዚህ ጥያቄ የተፈጠረ ያህል ነው። ዘሩ ከአንድ ቤት፣ ምግቡ ከሌላ ቤት ነውና። ሰዎቹ አድገው ሲታዩ ውፍረታቸውና ቅጥነታቸው የሄደው ከወለዷቸው ወላጆች ጋር ነበር። ካሳደጓቸው፣ ምግብ አብስለው ካበሏቸው ጋር ግን አልተዛመደም። ዘር ከልጓም ይስባል ይባል የለ? በኋላ የመጡ ጥናቶችም በሰዎች መካከል ካለው የክብደት ልዩነት ከ40 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ከዘር ጋር ያያይዙታል።

እሺ፣ ዘር ይስባል። በምን በኩል ነው የሚስበው?

እኔ እንደ ብዙ ሰው «ሜታቦሊዝም» ነው የሚመስለኝ የነበረው። የአንዱ ሰውነት ቶሎ ያቃጥላል፣ የሌላው ቀስ ብሎ። እሱም ድርሻ አለው። ዋናው መንገድ ግን ሌላ ነው። ጭንቅላት ነው። ረሃብና ጥጋብ የሚወሰኑበት ቦታ።

በ1949 አሜሪካ ሜይን ግዛት ውስጥ በሚገኝ ጃክሰን በተባለ ላብራቶሪ አንዲት የተለየች አይጥ ተገኘች። መብላት አታቆምም። ከሌሎቹ አይጦች እጅግ ወፈረች። በ1994 ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ ምክንያቱን አገኙት። እንዲህ ዓይነቶቹ አይጦች አንድ ሆርሞን መሥራት አይችሉም ነበር። ስሙን ሌፕቲን አሉት፤ በግሪክ ቀጭን ከሚለው ቃል ወስደው። ሌፕቲንን የሚሠራው ራሱ ስባችን ነው። ወደ አንጎል ሄዶ «ስንቅ አለን፣ አትስጋ» ብሎ የሚናገር መልእክተኛ ነው። መልእክቱ ካልደረሰ አንጎል ሰውየው በረሃብ እየሞተ ነው ብሎ ያምናል። ያ ሰው 100 ኪሎ ቢመዝንም።

በ1997 ካምብሪጅ ያሉ ሐኪሞች ሌፕቲን መሥራት የማይችሉ ሁለት የአክስትና የአጎት ልጆች አገኙ። አንደኛዋ የ8 ዓመት ልጅ ናት፤ 86 ኪሎ ትመዝን ነበር። ቤተሰቡ ምን ያህል ተወቅሶ ይሆን? «ልጃቸውን እንዲህ እስክትሆን አበሏት» ያላላቸው ይኖራል? በኋላ የጎደለው ሆርሞን በመርፌ ሲሰጣት ረሃቡ ረገበ፤ ኪሎዋም መውረድ ጀመረ። ልጅቷ ጸባይዋን አልለወጠችም። ጨዋ አልሆነችም፣ ፊቱንም ባለጌ አልነበረችም። ያልደረሰ መልእክት ደረሰ፤ ይኸው ነው።

እንዲህ ያለው ነገር በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚገኘው። እህቴም ይህ ችግር የለባትም። የአብዛኞቻችን ውፍረት ከአንድ ዘረመል የሚመጣ አይደለም። በጣም ብዙ ናቸው፤ በ2018 የወጣ ትልቅ ጥናት ከክብደት ጋር የተያያዙ ከ900 በላይ የዘረመል ቦታዎችን ነው የቆጠረው። የእያንዳንዳቸው ጉልበት ትንሽ ነው። ከሁሉ ስሙ የሚጠራው ኤፍቲኦ የሚባለው እንኳ፣ ከእናትም ከአባትም የወረሰው ሰው በአማካይ 3 ኪሎ ገደማ ነው የሚያስጨምረው። ሲደማመሩ ነው ክብደት የሚኖራቸው። እና ብዙዎቹ ሥራቸው አንጎል ውስጥ ነው። ምን ያህል እንደሚርበን፣ ከስንት ጉርሻ በኋላ «በቃኝ» እንደምንል፣ ያየነው ምግብ ምን ያህል እንደሚጠራን።

ስለዚህ የሰፈራችን ሰዎች ሲከራከሩበት የኖሩት «ምግብ ወይስ ዘር» አንድ ነገር ነው። ዘሩ የሚስበው በአፍ በኩል ነው።

ይህን በመጽሐፍ ካነበብኩት ይልቅ የገባኝ ግን ባለፈው ዓመት እህቴ ቤት ቡና ስንጠጣ ነው። አሜሪካ ያለች የአክስታችን ልጅ ኦዜምፒክ የሚባለውን የምግብ ፍላጎት የሚቀንስ መርፌ መውሰድ ጀምራ የድምፅ መልእክት ላከችልን። «ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ነገር ዝም አለ» ትላለች። «ምግብ ምግብ የሚለኝ ድምፅ ጠፋ።» እህቴ ስልኩን አስቀምጣ አየችኝ።

«ዝም አለ ማለት ምን ማለት ነው? ላንቺ ዝም ይላል?»

ጥያቄው መጀመሪያ አልገባኝም። ምሳ ከበላሁ በኋላ እስከ ማታ ምግብ ትዝ እንደማይለኝ ነገርኳት። አንዳንዴ ሥራ ከያዘኝ ምሳዬንም እንደምረሳው። ሲኒውን ይዛ ዝም አለች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

«አሁን ካንቺ ጋር እያወራሁ ኩሽና ውስጥ በፎጣ የሸፈንኳት ግማሽ አምባሻ እየጠራችኝ ነው። የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለች፣ በየት በኩል እንደተቆረሰች ይታየኛል። ጠዋት በልቻለሁ፤ ምሳም በልቻለሁ። እኔ ሰው ሁሉ እንዲህ ይመስለኝ ነበር። ሰው ሁሉ እየሰማ የሚችለው፣ እኔ ብቻ የማልችለው።»

ቤት ውስጥ አምባሻ እንዳለ እኔ ረስቼው ነበር። ቀድሞ ያቀረበችው ለእኔ ነው፤ በልቼላታለሁ፤ ከዚያ በቃ።

35 ዓመት ሙሉ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት የተለያየ ረሃብ ነበር። እኔ የራሴን ለክቼ በእሷ ላይ እፈርድ ነበር። እኔ እጄን ስሰበስብ ምንም አልታገልኩም። እሷ በየቀኑ ትታገላለች፤ አብዛኛውን ቀን ደግሞ ታሸንፋለች። የሚቆጠርባት የተሸነፈችበት ቀን ብቻ ነው።

ወደ ወንድሜ ልመለስ፤ ምክንያቱም የዘሩን ነገር እዚህ ላይ ካቆምኩት ውሸት ይሆናል።

ወንድሜ ዲቪ ደርሶት ሲሄድ 58 ኪሎ ነበር። ቨርጂኒያ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል። ከስድስት ዓመት በኋላ ሲመጣ 84 ኪሎ ሆኗል። ቦሌ ስንቀበለው እናቴ ጉንጩን በሁለት እጇ ይዛ «ተመስገን፣ ተመችቶሃል» አለች። እህቴ ዞር ብላ አየችኝ። ምንም አላለችም።

ወንድሜ ዘሩን ቦሌ ላይ ጥሎ አልሄደም። የተለወጠው ኑሮው ነው። ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይቀመጣል፣ መኪና ውስጥ ይበላል። የሚበላው ከነዳጅ ማደያው ሱቅ የተገዛ የታሸገ ነገር ነው። በ2019 ኬቨን ሆል የተባለ ተመራማሪ አሜሪካ ውስጥ 20 ሰዎችን ሆስፒታል አስገብቶ ለሁለት ሳምንት ፋብሪካ ውስጥ የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ብዙ ያልተነካካ ምግብ አቀረበላቸው። ስኳሩ፣ ስቡ፣ ጨውና ቃጫው እኩል እንዲሆን ተደርጎ ነው የቀረበው። የፈለጋችሁትን ያህል ብሉ ተባሉ። በፋብሪካው ምግብ ጊዜ በቀን 500 ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ፤ በሁለት ሳምንት ወደ አንድ ኪሎ ገደማ ጨመሩ። ምግቡም ረሃብን ይቀርጻል ማለት ነው።

ፒማ የሚባሉ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አሉ። ግማሾቹ አሪዞና፣ ግማሾቹ ከድንበሩ ማዶ ሜክሲኮ ተራራ ላይ ይኖራሉ። ዘራቸው አንድ ነው። ሜክሲኮ ያሉት በ1990ዎቹ ሲጠኑ እያረሱ፣ ባቄላና በቆሎ እየበሉ፣ ከአሪዞናዎቹ በጣም የቀጠኑ ነበሩ። አሪዞና ያሉት በዓለም ላይ በውፍረትና በስኳር በሽታ እጅግ ከተጠቁት ውስጥ ሆኑ። ወደ ራሳችን ሰዎችም ብንመጣ፣ በ1984 እና 85 በሙሴ ዘመቻ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን ሲደርሱ ስኳር በሽታ የለባቸውም ማለት ይቻል ነበር። በጥቂት ዓመት ውስጥ ሐኪሞች በወጣቶቹ ላይ ሳይቀር ያገኙት ጀመር። ስኳር በሽታና ውፍረት አንድ ባይሆኑም ነገሩ ያው ነው፤ ዘሩ አልተለወጠም፣ ኑሮው ተለወጠ።

አገራችንም ውስጥ ይኸው እየሆነ ነው። በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከከተማ ሴቶች 21 በመቶው ከሚገባው ክብደት በላይ ነበሩ። ከገጠር ሴቶች 4 በመቶው። የገጠሯ ሴት በዘር ከከተሜዋ አትለይም። ውሃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትሸከማለች፣ ዘይት በጠርሙስ እየለካች ነው የምትገዛው። በዚህ ላይ አዘንኩ እንጂ አልቀናሁም፤ ቅጥነቷ የድካምና የእጦት ነውና።

አንድ ነገር ስላናደደኝ ሳልጽፈው አላልፍም። ከሦስት ዓመት በፊት እህቴ 19 ኪሎ ቀነሰች። ጂም ገባች፣ እንጀራ ተወች፣ በየጠዋቱ በእግሯ ሄደች። ሁሉም አጨበጨበላት። በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ 21 ኪሎ ሆኖ ተመለሰ። ጉልበቷን አሟት አንድ ክሊኒክ ሄድን። ሐኪሙ ካርዷን እያየ፣ ቀና ሳይል፣ «መድኃኒቱ አፍን መዝጋት ነው» አላት። ነርሷ ፈገግ አለች። እህቴ ስለ ጉልበቷ መናገሩን ተወችው።

ያ ሐኪም ቢነግራት ደስ የሚለኝ ነገር ይህ ነበር። በ2016 የታተመ አንድ ጥናት አሜሪካ ውስጥ በቴሌቪዥን የክብደት መቀነስ ውድድር ላይ የተሳተፉ 14 ሰዎችን ከስድስት ዓመት በኋላ ተከታትሏል። አብዛኛው ኪሎ ተመልሶ ነበር። ሰውነታቸው ግን ከስድስት ዓመት በኋላም በዕረፍት ላይ ሆኖ የሚያቃጥለው ጉልበት ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ያህል ያነሰ ነበር። ሰውነት ስንቁ ሲነካበት ክፉ ቀን መጣ ብሎ ወጪ ይቆርጣል፤ ረሃቡንም ይጨምራል። ያ 21 ኪሎ የመጣው እህቴ ስለሰነፈች አይደለም። ሰውነቷ ድርቅ አይቶ ስለደነገጠ ነው። የአክስታችን ልጅ የምትወስደው መድኃኒትም ሲቆም ኪሎው አብዛኛው ይመለሳል። ይህም ያው ነገር ነው፤ መልእክቱ ሲቋረጥ ድምፁ ይመለሳል።

እህቴ አሁን ኪሎ አትለካም። ጉልበቷን ሌላ ቦታ እየታከመች ነው፤ የደም ግፊቷን ትከታተላለች። ማታ ማታ አብረን እንሄዳለን፣ ከገርጂ እስከ መብራት ኃይል። ቤቷ ለስላሳ መጠጥ ገዝታ አታስገባም። ለማንም። ለቀጭኑ ልጇም ጭምር። ይህ የእሷ ሐሳብ ነው። «አንዱ እየጠጣ ሌላው የሚያይበት ቤት አይኖረኝም» ትላለች።

ታናሿ ልጇ 6 ዓመቷ ነው። ጉንጯ ሞላ ያለ፣ ሳቂታ ልጅ ናት። ቁርጥ እናቷን። ባለፈው እሑድ እናቴ ቤት ሁላችንም ተሰብስበን ነበር። ያ ትሪ የለም፤ እናቴ ግን ዛሬም በርጩማዋን ስባ ነው የምትቀመጠው። ልጆቹ ከበው ይበላሉ። የእናቴ ዓይን የልጅቷ እጅ ላይ ሲያርፍ አየሁ። እህቴም አየች።

«በቃሽ የኔ ልጅ፣ እጅሽን...»

«እማዬ» አለች እህቴ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ተያት።»

እናቴ ቀና ብላ አየቻት። ረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ በርጩማዋ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ አለችና ወንድሜ ስለላከው ፎቶ ማውራት ጀመረች። ልጅቷ ሁለት ጉርሻ ያህል በላች፤ ከዚያ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠራርጋ ወደ ግቢ ሮጠች።